ገመቹ ሲጠራ

ባለፈው ወር ለሥራ ባቱ ወርጄ፣ አንድ ትምህርት ቤት አጥር ሥር ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ ኖራ ሸተተኝ። ከአጥሩ ወዲያ አንድ ሰውዬ ሥሩ በተበሳ ጣሳ ሜዳው ላይ ነጭ መስመር ያሰምራል። ለእግር ኳስ ይሁን ለሰልፍ እንጃ። ነፋሱ ኖራውን አንስቶ ፊቴ ላይ በተነው። ባጃጅ ቆመልኝና ሾፌሩ «እሺ እህት፣ ወዴት ነው?» ሲለኝ መሄጃዬ ጠፋኝ። ትንሽ ታገሠኝና ጥሎኝ ሄደ። አልፈርድበትም።

ኖራ ለሌላ ሰው የግድግዳ ቀለም ነው። እኔን ግን አራተኛ ክፍል ወደነበርኩበት በጋ ይመልሰኛል፤ አዳማ ውስጥ በቀትር ነጭ መስመር ረግጬ፣ የሞተ ሰው ስም ሲጠራ «አቤት» ልል ወደቆምኩበት ሜዳ።

ያን ዓመት ምሳዬን የምበላው አዴ ጫልቱ ቤት ነበር። እናትና አባቴ ሁለቱም አስተማሪዎች ስለሆኑ ቀን ቤት አይገኙም። አዴ ጫልቱ ደግሞ ከእኛ ጋር አንድ የቆርቆሮ አጥር የሚጋሩ ጎረቤታችን ናቸው። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፤ ሴት ልጃቸው ቢሾፍቱ አግብታለች፤ ወንዱ ልጃቸው ገመቹ ወታደር ነው። «ነው» ያልኩት እሳቸው እንደሚሉት ብዬ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

«ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ! ነይ ልጄ፣ ፀሐዩ አናትሽን በላው እኮ!»

እጄን ታጥቤ እቀርባለሁ። ገበታው ላይ ሁልጊዜ ሦስት ሳህን አለ። አንዱ የእሳቸው፣ አንዱ የእኔ፣ ሦስተኛው ባዶውን ተደፍቶ ይቀመጣል። በልተን ስንጨርስ ሦስቱንም የማጥበው እኔ ነኝ። ያልተበላበት ሳህን ለምን እንደሚታጠብ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። «አቧራ ይይዛላ! የአዳማን አቧራ ዛሬ ነው የምታውቂው?» አሉኝ። መልሱ ልክ ነበር፤ እኔን ግን አላሳረፈኝም። ሳህኑን ሳጥብ የሆነ ሰው ከኋላዬ ቆሞ ተራውን የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር።

ገመቹ እንደሞተ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። የማያውቁት አዴ ጫልቱ ብቻ ናቸው፤ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምናስበው። ወረቀቱ የደረሰው በእድራችን ሊቀመንበር በጋሽ ወርቁ እጅ ነው። በዚያ ሰሞን አዴ ጫልቱ ስኳራቸው ከፍ ብሎ ሆስፒታል ተኝተው ነበርና «ትንሽ ይሻላቸው» ተባለ። ተሻላቸው። የሴት ልጃቸው ሠርግ ደረሰ፤ «ሠርጉ ይለፍ» ተባለ። ሠርጉም አለፈ። ልጅቷ አረገዘች፤ «በሰላም ትገላገል» ተባለ። ስትገላገል ክረምት ገብቶ ነበር፤ በዝናብ ደግሞ እንዴት ድንኳን ይተከላል? እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት ሞላው። እኛ ሰዎች መርዶ ማሳደር እናውቅበታለን። አንድ ሌሊት ማሳደር ደግ ነው፤ ሰው በልቶ፣ ተኝቶ፣ በማለዳ ይነገረው ማለት ነው። ሦስት ዓመት ማሳደር ምን እንደሚባል ግን አላውቅም። በኋላማ የሚያስጨንቃቸው የአዴ ጫልቱ ስኳር መሆኑ ቀረ፤ «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» ቢሉንስ የሚለው ሆነ። ይህን የሰማሁት አባቴና ጋሽ ወርቁ ሳሎን ተቀምጠው ሲያወሩ፣ እኔ ሶፋው ላይ የተኛሁ መስዬ ነው።

ከዚህ ወሬ ውስጥ የራሴን ነገር አወጣሁ። ሰው የሚሞተው ሽማግሌዎች በማለዳ በር አንኳኩተው ሲናገሩ ነው ብዬ ደመደምኩ። መርዶው ካልተነገረ አልሞተም። እንግዲህ ገመቹ ሞቷልም፣ አልሞተምም፤ ጋሽ ወርቁ አፍ ውስጥ ተቀምጧል። ጋሽ ወርቁ ሲያዛጉ አፋቸው ውስጥ አተኩሬ አያለሁ። ሲስሉ ደግሞ ልቤ ይቆማል፤ ሳያስቡት ቢያመልጣቸውስ? እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ሰው አፍ ውስጥ ምን ታያለሽ?» ብላ ቆንጥጣኛለች።

አዴ ጫልቱ አልጋ ሥር አንድ ጥንድ ጥቁር የቆዳ ጫማ ነበር፤ የገመቹ ነው። በየቅዳሜው ቀለም ይቀቡታል። አንድ ቅዳሜ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ብሩሽ ሳቀብል ሶሉ ላይ እርጥብ ጭቃ አየሁ። ዝናብ ከዘነበ ወራት አልፎታል። በዚያ ግቢ ውስጥ ጭቃ ያለው ከቧንቧው ሥር ብቻ ነው። እሳቸው ጭቃውን በቢላዋ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አድርገው ጣሉትና መቀባታቸውን ቀጠሉ።

ያን ሰሞን ነፋሱ አያርፍም። የመንገዱን አቧራና ፌስታል ጠቅልሎ እየተሽከረከረ ሲመጣ፣ ክፍል ውስጥ አብራኝ የምትቀመጠው ሐያት «መሐሉ እንዳትገቢ፣ ሰይጣን ነው» ብላ እጄን ትጎትተኛለች። ስለ ቀትርም ያስተማረችኝ እሷ ናት። «በቀትር ስምሽን ከጠሩሽ በመጀመሪያው አቤት እንዳትይ። የመጀመሪያው ሰው አይደለም። ሁለተኛውም አያስተማምንም። ሦስተኛው ላይ ነው የሚመለሰው።» እኛ ቤት ጴንጤዎች ስለሆንን እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። ስለማይወራም «ውሸት ነው» የሚለኝ ሰው አልነበረም፤ ሙሉ በሙሉ አመንኳት።

አንድ ቀን መምህር ቀረና ያለ ሰዓታችን ተለቀቅን። አዴ ጫልቱ በር ላይ አልነበሩም። ገፍቼ ገባሁ። ግቢው መሐል ትልቅ አንሶላ ተሰጥቷል፤ ነፋሱ ነፋ ያደርገውና መልሶ ይለቀዋል። ከአንሶላው ሥር ጫማዎቹ ይሄዳሉ። ከቧንቧው ወደ ማድ ቤቱ፣ ከማድ ቤቱ ወደ ቧንቧው፣ ቀስ ብለው፣ ተረከዛቸውን እየጎተቱ። ሰው የለም፤ ጫማ ብቻ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ናት፤ ጥላዬ እግሬ ሥር ገብቷል። ሽንቴ አመለጠኝ። ነፋሱ አንሶላውን ገለጠው፤ አዴ ጫልቱ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ እግራቸውን በልጃቸው ጫማ ውስጥ አድርገው ቆመዋል።

ተያየን። እሳቸውም ደንገጥ አሉ።

«ቆዳ ነው» አሉኝ። «ሰው ካልገባበት ይደርቃል። ከዚያ ይሰነጠቃል።»

«እሺ።»

«ለማንም እንዳትናገሪ። እነ ወርቁ ይጨነቃሉ።»

ዩኒፎርሜን አጥበው አሰጡልኝ። እስኪደርቅ በነጠላቸው ተጠቅልዬ ምሳዬን በላሁ። ጋሽ ወርቁ ስለ ጫማ ምን እንደሚያስጨንቃቸው አልገባኝም፤ ግን ምስጢሩን ጠበቅሁ።

ብዙም ሳይቆይ ርዕሰ መምህራችን ሰልፍ ላይ ማይክ ጨብጠው፣ የሰማዕታት መታሰቢያ በዓል በከተማችን እንደሚከበርና የእኛ ትምህርት ቤት ትርኢት እንደሚያቀርብ ነገሩን። ሐሳቡ የራሳቸው ነው። ዘምተው የቀሩት የከተማው ልጆች ስም አንድ በአንድ ይጠራል፤ ለእያንዳንዱ ስም አንድ ተማሪ «አቤት!» ይላል። «ትውልድ መተካቱን ለማሳየት ነው» አሉ። መምህራኑ አጨበጨቡ። ሐያት ጎኔን በክርኗ ነካ አደረገችኝ፤ አልዞርኩም፣ ምን ልትለኝ እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ስሞቹን በካርድ ጽፋ ያደለችን መምህርት ትዕግሥት ናት። ከዱከም በቅርቡ ነው የተዛወረችው፤ ሰፈራችንን አታውቅም። በመደዳ ስታድል የእኔ ካርድ ላይ «አሥር አለቃ ገመቹ ቱፋ» የሚል ወጣ።

«መምህር፣ ይሄን ልቀይረው?»

«ምነው?»

«ጎረቤታችን ነው።»

«ውይ የኔ ቆንጆ! ታዲያ ካንቺ የተሻለ ማን አለ?» አለችና ጉንጬን ነካ አድርጋኝ አለፈች።

ለልምምድ ወደ ሜዳው ወሰዱን። እያንዳንዳችን የምንቆምበት ቦታ በኖራ ተሰምሯል፤ ኖራው ፀሐይ ላይ ዓይን ያቃጥላል። ባዶ ሜዳ ነው። የጠሪው ድምፅ ከድምፅ ማጉያው ይወጣና ማዶ ያለውን ረጅም ግንብ መትቶ ይመለሳል። ይሄኛው «ገመቹ ቱፋ!» ሲል፣ ትንሽ ቆይቶ ያኛው «… ቱፋ» ይላል። መምህርት ትዕግሥት ማይኩን አፌ ላይ ደቀነች። «አቤት» አልኩ። የእኔም ድምፅ ግንቡ ጋ ደርሶ መጣ። ሲመለስ ግን ወፍሮ ነበር፤ የትልቅ ሰው፣ የወንድ ድምፅ ሆኖ። ሌሎቹ ልጆች ሳቁ። እኔ ማልቀስ አማረኝ።

ቤት ስገባ አባቴ ካርዱን ከደብተሬ ውስጥ አገኘው። አነበበ፤ ገለበጠ፤ እንደገና አነበበ። ከዚያ ጋሽ ወርቁን ጠርቶ መጣ።

«ስሙን እናሰርዘዋ» አለ አባቴ።

«ምን ብለን? አልሞተም እንበል?» አሉ ጋሽ ወርቁ።

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። «ለምን አሁን ሄዳችሁ አትነግሯቸውም? በቃ! ሰው ነን እኮ!»

«ለበዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው? ከበዓሉ በኋላ ይሁን» አሉ ጋሽ ወርቁ።

እንደገና አሳደሩት። የተስማሙበት ነገር አዴ ጫልቱን በዚያ ቀን ከከተማው ማራቅ ሆነ። ቢሾፍቱ ያለችው ልጃቸው ደውላ «ሕፃኑን አሞታልና ድረሺልኝ» ትላለች፤ በዓሉ ያልፋል፤ እሳቸው ሲመለሱ ደግሞ ይታሰብበታል። አባቴ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«አንቺ ዝም ብለሽ አቤት በይ። እዚያ አይኖሩም። አይሰሙም።»

«እሱስ?»

«እሱ ማን?»

«ገመቹ።»

አባቴ አየኝ። ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባ።

በበዓሉ ዕለት ጠዋት አዴ ጫልቱን መናኸሪያ ድረስ የሸኛቸው አባቴ ራሱ ነው። ሚኒባሱ ሲነሣ ቆሞ አየ። ሲመለስ ፊቱ ላይ የነበረው እፎይታ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አዴ ጫልቱ ሞጆ ላይ ወርደው በሌላ መኪና እንደተመለሱ የሰማነው በኋላ ነው።

ሦስት ሰዓት የተባለው በዓል እንግዶቹ እስኪመጡ አምስት ሰዓት አለፈው። ንግግሩ ሲያልቅ ቀትር ሆነ። እኔ ይህን አስቀድሜ የማውቀው ነገር ይመስለኝ ነበር፤ በሌላ ሰዓት ሊሆን አይችልም። ከፊታችን ባለው ድንኳን ውስጥ ጥለቱ ጥቁር ነጠላ የለበሱ እናቶች በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ብዙዎቹ በመስታወት የገባ ፎቶ ታቅፈዋል። የሜዳው ነጸብራቅ መስታወቶቹ ላይ ሲወድቅ ፎቶዎቹ ጠፍተው ብርሃን ብቻ ይሆናሉ። ጭን ላይ የተቀመጡት ልጆች ፊት የላቸውም።

መጥራት ተጀመረ። ስም ይጠራል፤ አንድ ልጅ «አቤት!» ይላል፤ ድንኳኑ ውስጥ አንዲት እናት ትጮኻለች። ደግሞ ስም፣ ደግሞ አቤት፣ ደግሞ ጩኸት። ማዶ ያለው ግንብ ሁሉንም እያዘገየ ስለሚመልሰው፣ የአንዱ ጩኸት ከሌላው ስም ጋር እየተደባለቀ ማን ማንን እንደሚጠራ መለየት አቃተኝ። ተራዬ ሊደርስ አራት ልጆች ቀሩ። ነፋስ መጣ። ከሜዳው ዳር አቧራ እየተሽከረከረ ተነሥቶ ኖራውን እየላሰ አለፈና የእናቶቹን ነጠላ ወደ ላይ ገለጠው። ከድንኳኑ ጫፍ፣ ፎቶ ሳይዙ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የተቀመጡት አዴ ጫልቱ ናቸው።

መጀመሪያ እሳቸው አይደሉም አልኩ። ቢሾፍቱ ናቸው፤ ይሄ የቀትር ነገር ነው፣ መልካቸውን ይዞ የመጣ ሌላ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ፤ እዚያው አሉ፤ እኔን ነው የሚያዩት። ያን ጊዜ ገባኝ። አቤት ካልኩ ገመቹ ይሞታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ጋሽ ወርቁ ያልቻሉትን መርዶ እኔ በአፌ ላረዳቸው ነው። ምሳ የሚያበሉኝን፣ ቀሚሴን የሚያጥቡልኝን ሴትዮ። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

«አሥር አለቃ ገመቹ ቱፋ!»

አልመለስኩም። ግንቡ «… ቱፋ» አለ።

«አሥር አለቃ ገመቹ ቱፋ!»

መምህርት ትዕግሥት ከረድፉ ጫፍ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ሐያት ከጎኔ በሹክሹክታ «ቀጣዩ ነው፣ ቀጣዩ ሰው ነው» ትላለች። ድንኳኑ ውስጥ ጋሽ ወርቁ ከሽማግሌዎቹ መሐል ወደ እኔ አንገታቸውን አስግገዋል፤ ማን ከኋላቸው እንደተቀመጠ አላዩም።

«አሥር አለቃ ገመቹ ቱፋ!»

አፌን ከፈትኩ። ምላሴ ላይ ኖራ ነበር፤ ድምፅ አልወጣልኝም።

«አቤት።»

እኔ አይደለሁም ያልኩት። ድምፁ ከድንኳኑ ነው የመጣው፤ ቀጭን፣ የማይጣደፍ፣ ከጓዳ ሲጠሩት እንደሚመልስ ሰው። አዴ ጫልቱ ቆመዋል። ማይክ በአጠገባቸው የለም፤ ሆኖም ያ «አቤት» ከግንቡ ተመልሶ ሲመጣ ሰማሁት፤ ወይም መሰለኝ፤ እስከ ዛሬ ለራሴም እርግጠኛ አይደለሁም። ጠሪው ወረቀቱን እንደያዘ ቀረ። ጋሽ ወርቁ ዞረው አዩአቸውና ወንበራቸው ላይ ተዘረፈጡ። አዴ ጫልቱ አልጮኹም። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፤ መጥራቱም ቀጠለ።

ሲያልቅ በሰው መሐል አልፈው ወደ እኔ መጡ። የሚገጥመኝ ቁጣ ይሆናል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። በነጠላቸው ጫፍ ከንፈሬ ላይ ያለውን ኖራ ጠረጉልኝ።

«ይሄ የልጅ ሥራ አይደለም» አሉኝ። «እኔ መርዶ ካንቺ አልጠበቅሁም፣ ኢንተላ ኮ።»

ከዚያ ብቻቸውን ወደ ቤታቸው ሄዱ። የተከተላቸው ሰው የለም፤ ምን ብሎ ነው የሚከተላቸው?

ያን ቀን ማምሻውን እኛ ቤት ማንም ማንንም ደፍሮ አላየም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የእድሩ ሰዎች እኛ በር ላይ ተሰበሰቡ። እናቴ ጥቁር ለብሳለች። «አንቺ ተኚ» ብትለኝም ጫማ ሳላደርግ ከኋላዋ ወጣሁ። እነ አባቴ የአዴ ጫልቱን በር ለማንኳኳት ተዘጋጅተው ነበር፤ በሩ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። ግቢው ተጠርጓል፤ አቧራው እንዳይነሣ ውሃ ተርከፍክፎበታል። ቤት ውስጥ የነበረው መቀመጫ ሁሉ ወጥቶ፣ ወንበሩም፣ ዱካውም፣ የተገለበጠው ባልዲም፣ በሁለት ረድፍ ተደርድሯል። አዴ ጫልቱ ጥቁር ለብሰው መሐሉ ላይ ቆመዋል።

«ግቡ» አሉ። «ቆያችሁ።»

ማንም አልተቀመጠም። ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አዴ ጫልቱ … ለካ ያውቁ ነበር?»

«ሆስፒታል ልትጠይቀኝ መጥተህ ዓይኔን ማየት አቃተህ፣ ወርቁ። ያን ቀን አወቅሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉን? ሦስት ዓመት ሙሉ!»

«ምን ልበል? ልጄ ሞቷል ብዬ እኔ ልንገራችሁ?» ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «መርዶ ሳልረዳ እንዴት ነው የማለቅሰው? ድንኳን ማን ይተክልልኛል? ማን ይይዘኛል? ብቻዬን ቤት ዘግቼ እንደ ሌባ ላልቅስ? በየማለዳው ዛሬ ይመጣሉ እያልኩ ግቢዬን ስጠርግ ኖርኩ። እናንተ ታልፋላችሁ፤ ‹አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ› ትሉኛላችሁ፤ ትሄዳላችሁ።»

አባቴ አንገቱን ደፋ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ለሁላቸውም አፈርኩ፤ ለራሴም፤ ስንቱን ቀን ከዚያ ገበታ በልቻለሁ።

አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ፣ «እንደ ወጉ ንገሩኝ።»

ሴቶቹ ሄደው በግራና በቀኝ ቆሙላቸው። ጋሽ ወርቁ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ እስከ ስሙና እስከ አባቱ ስም ድረስ፣ አንድም ቃል ሳያስቀሩ ነገሯቸው። አዴ ጫልቱም ገና አሁን እንደሰሙት ሁሉ ከሴቶቹ እጅ አምልጠው መሬት ላይ ወደቁ።